አበቃ ያልኩበት ግንብ

ጃንዋሪ 7፣ ማክሰኞ

ቨርሊን ዛሬ ባለ ቁጥሩን ጠጠር፣ ዳይሱን፣ ሳንወረውር ነገረን። በረዶው ሲቀልጥ ቤቱን ሸጦ ከሚስቱ ከአርሊስ ጋር አሪዞና ሊገባ ነው። የአርሊስ ጉልበት የዊስኮንሲንን ክረምት አልቻለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ በእሱ ምድር ቤት የጀግኖች ጨዋታችንን ተጫውተናል፤ እሱ ታሪኩን እየመራ፣ ጭራቁንም ንጉሡንም በር ጠባቂውንም እየሆነ፣ እኛ ደግሞ የየራሳችንን ጀግና ይዘን። «የመሪነት ወንበሬን ግን ለአንዳችሁ አስረክቤ ነው የምሄደው» አለ።

አየኝ ልበል? አየኝ መሰለኝ። ከእኔ ሌላ ማን አለ? ትሩዲ የካውንቲውን በረዶ ጠራጊ መኪና ስትነዳ ማንም አይደርስባትም፣ ጠረጴዛ ላይ ግን የወረወረችውን ዳይስ ሁልጊዜ ከሶፋው ሥር የምናወጣላት እኛ ነን። እኔ አንባቢው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም የየራሱን የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ገልጦ ሲጨቃጨቅ ልንበታተን ምንም አልቀረንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ የሚገለጠው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ የእኔ። ስልክ ደረጃው ላይ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ክርክር ሲነሳ ቨርሊን «ኩርቲስ፣ አንብብ» ይላል፤ አንቀጹን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ «አበቃ» እስክል ማንም አይተነፍስም። አበቃ ካልኩ ደግሞ አበቃ ነው። በሥራዬም የኢንሹራንስ ውል አንባቢ ነኝ። ለዚህ ነገር የተፈጠርኩ ነኝ ብል አልተኩራራሁም።

አዲስ ሰው መጥቷል። ፔንግ ሎር ይባላል፣ ትሩዲ መድኃኒት የምትገዛበት ቤት ፋርማሲስት ነው። ቁልፏ ላይ የተንጠለጠለውን ዳይስ አይቶ «የት ነው የምትጫወቱት?» አላት፤ እሷም ይዛው መጣች። ሳታማክረን። አስማተኛ ሆኖ ይጫወታል። ትሑት ነው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሁሉንም በስማቸው ይጠራል፣ እኔን ብቻ «ሚስተር ኦስትቢ» ይለኛል።

ማክበሩ ነው ወይስ ማስረጀቱ?

ጃንዋሪ 14

ገደል አጋጠመን። ድልድዩ ተቃጥሏል። ትሩዲ «ዞረን እንሂድ» አለች። ፔንግ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ «የድንጋይ ግንብ የሚያወጣው ድግምት አለኝ፤ ግንቡን ላጋድመው እችላለሁ?» አለ።

ሳቅኩ። «ወንድሜ፣ ግንብ ይቆማል እንጂ አይጋደምም።»

«ይቅርታ ሚስተር ኦስትቢ፣ መቆም አለበት የሚል ቦታ አለ?»

ቨርሊን መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ኩርቲስ፣ አንብብ» አለ።

አነበብኩ። ግንቡ ከነባር ዓለት ጋር መያያዝ አለበት። አሥር ሰሌዳ አለው፣ እያንዳንዱ ሰሌዳ ሌላ ሰሌዳ መንካት አለበት። ሰው በቆመበት ላይ አይወጣም። አስማተኛው ሐሳቡ ከተበተነ ግንቡ እንደ ጉም ይጠፋል። ስለ መቆምም ስለ መጋደምም የሚል ነገር የለም። ይሄ የእኔ ጥፋት አይደለም፣ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ጥፋት ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፣ አስማተኛው የአሸዋው ሰዓት እስኪያልቅ ሐሳቡን ሳይበትን ከቆየ ግንቡ የምድሪቱ አካል እንደሚሆንና ከዚያ ወዲያ ምንም እንደማያፈርሰው የምትናገረው ላይ ስደርስ፣ ትሩዲ «ድልድይ! ድልድይ ሠራልን!» እያለች ጠረጴዛውን ትደበድብ ነበር። ቨርሊንም ካርታው ላይ መሥመር እያሰመረ ነው። «አበቃ» ያልኩትን የሰማኝ የለም።

ቨርሊን ሲስቅ ሆዱ ይንቀጠቀጣል። በእኔ ነገር እንዲህ የሳቀበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ።

ጃንዋሪ 15

ቢሮ። የተቃጠለ ጋራዥ ፋይል ፊቴ ተዘርግቷል፣ እኔ የማስበው ስለተጋደመ ግንብ ነው።

ግንቡን ከዓለቱ ሳላያይዝ ላንሳፍፈው ቢል ኖሮ በሕጉ ልይዘው እችል ነበር። አላለም።

ጃንዋሪ 21

ፔንግ ሚስቱና እናቱ የጠቀለሉትን ይዞ መጣ። በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋና ጎመን፣ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ፣ ከሚያቃጥል ድልህ ጋር። አርሊስ እንኳ በዚያ ጉልበቷ ደረጃውን ወርዳ ሦስት በላች። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማመጣውን አይብና ቋሊማ ከነሳህኑ ይዤ ተመለስኩ።

ሚስቴ ሎርና በር ላይ ተቀብላኝ ሳህኑን አየችው። «ዛሬ አልራባቸውም?»

«ሌላ ነገር በልተው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ታኮርፋለህ? አይብ እኮ ነው ኩርቲስ፣ ልጅህ አይደለም።»

ሚስቴ ብዙ ነገር አይገባትም። ጥቅልሉን እኔም ቀምሻለሁ። ሁለት በልቻለሁ። ጥሩ ነው፤ ይሄ ነው እኮ የሚያናድደው።

ጃንዋሪ 26

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሐይቁ ዳር አለፍን። የቨርሊን መኪና በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ከዓሣ ማጥመጃ ጎጆው አጠገብ ቆሟል። ሁለት ሰዎች በረዶው ላይ በቆፈሩት ቀዳዳ ላይ ጎንበስ ብለዋል። አንዱ ቨርሊን ነው። አንዱ አረንጓዴ ኮፍያ አድርጓል።

አረንጓዴ ኮፍያ ያለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፔንግ ማክሰኞ ማክሰኞ እሱን አድርጎ ነው የሚመጣው።

ሎርና «አንተንም አምና ጠይቆህ ነበር እኮ፤ ብርድ አልወድም አልክ» አለችኝ። አምና ሌላ ነው። አምና የጠየቀኝ ለይሉኝታ ነው። ደግሞስ አንድ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም?

ፌብሩዋሪ 4

የማላውቀውን አንቀጽ ሊያሳየኝ አይችልም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ የግንብ ድግምቶችን ሁሉ አጠናሁ። የእሳቱን፣ የበረዶውን፣ የእሾሁን፣ የማይታየውን።

ዛሬ ፔንግ ጭራቆቹን በድንጋይ ግንብ አጠራቸው። ደስ አለኝ፤ አገኘሁት አልኩ። «በአራቱም ጎን የተከበበ ፍጥረት ከመዘጋቱ በፊት ዘሎ የማምለጥ ዕድል አለው!» ብዬ መጽሐፉን መታ መታ አደረግኩ።

«ልክ ነዎት ሚስተር ኦስትቢ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ለዚህ ነው በሦስት ጎን ብቻ ያጠርኩት። አራተኛው ጎን ላይ እማሆይ ሂልዳ ቆመዋል።»

እማሆይ ሂልዳ የትሩዲ ጀግና ናት፤ በመዶሻ የምትዋጋ፣ ቁስለኛ የምታክም መነኩሲት። ትሩዲ እናቷ በሞተችበት ክረምት ፈጥራ የእናቷን ስም ሰጠቻት። ያኔ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ስሙን ስትጽፍ እርሳሱ ተሰብሮባት የእኔን ሰጠኋት።

ትሩዲ «ኑ እንግዲህ!» ብላ ተነሥታ መዶሻ እንደያዘ ሰው ቆመች። ጭራቆቹ በዚያች በር አንድ በአንድ እየመጡ አለቁ። ስትቀመጥ የፔንግን ትከሻ ቸብ አደረገችው። «ለእኔ ብሎ በር የሚተውልኝ ሰው አገኘሁ» አለች።

እንግዲህ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ስተውላት ነበር?

ፌብሩዋሪ 7

ከተማው ሁሉ የሚሰበሰብበት የአርብ ዓሣ ጥብስ። ተራችንን ስንጠብቅ ቨርሊን ከኋላዬ ካለው መደዳ ለአንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ። «ወንበሩን? አዎ፣ እያሰብኩበት ነው። አዲስ ዓይን ቢያየው አይከፋም።»

አዲስ ዓይን።

ድንቹን አልጨረስኩትም።

ፌብሩዋሪ 11

ልጻፈው።

የተራራው መተላለፊያ ላይ ነን። ግዙፎቹ ጭራቆች እየመጡ ነው፣ ከኋላችን የሸሸው መንደር ሁሉ አለ። ፔንግ መተላለፊያውን በግንብ ዘጋው፤ ከዓለት እስከ ዓለት፣ ሰሌዳ በሰሌዳ፣ አንድ ስንጥቅ ሳይተው። ከዚያ «ቨርሊን፣ እባክህ አሸዋውን አዙርልኝ» አለ። ቨርሊን የአሸዋውን ሰዓት አዞረ። ትሩዲ ሂልዳን ከግንቡ ሥር አስቀምጣ ቁስለኛ ማከም ጀመረች። ቨርሊን ለረጅም ጊዜ ካርታውን ሲያይ ቆየና፣ «በዚህ ጠረጴዛ እንዲህ ያለ ግንብ ቆሞ አላየሁም» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ለራሱ።

አሸዋው አለቀ። ሁላችንም አየነው። ከዚያ በኋላ ነው ቀስቱ የፔንግን አስማተኛ የመታውና የጣለው።

«ሐሳቡ ተበተነ» አለ ቨርሊን። «ግንቡ ይቆማል ወይስ ይጠፋል? ኩርቲስ፣ አንብብ።»

አነበብኩ። ዓለቱን፣ ሰሌዳውን፣ ሰው የቆመበትን። «አስማተኛው ሐሳቡ ከተበተነ ግንቡ እንደ ጉም ይጠፋል» ላይ ደረስኩ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ከታች ነበር። ዓይኔ አይቶታል።

«አበቃ» አልኩ።

ትሩዲ አፏን ከፈት አድርጋ ዘጋችው። ቨርሊን ወደ ፔንግ ዞሮ ግንባሩን አከከ። «ታዲያ አሸዋውን ለምን አስዞርከኝ?»

ፔንግ ባዶውን የአሸዋ ሰዓት አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ተሳስቼ ይሆናል» አለ።

ግንቡ ጠፋ። ከሥሩ ማን እንዳለ ያን ጊዜ አላሰብኩም። እውነቴን ነው። እንዲወድቅ የፈለግኩት ግንቡን ብቻ ነበር። ቨርሊን ሦስት ጊዜ ዳይስ ወረወረ፣ ሦስቱም ለግዙፎቹ ወጣ። ትሩዲ ሂልዳን የሚያድናትን የመጨረሻውን ራሷ ወረወረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሱ ከጠረጴዛው አልወደቀም። አንድ ነበር፣ ከሁሉ የከፋው ቁጥር።

«እሺ» አለች ሳቅ እያለች። «መነኩሲቷ አረፈች። ቆንጆ ነበረች።» የሂልዳን ወረቀት ለአራት አጥፋ ካፖርቷ ኪስ ከተተችው። ስወጣ መኪናዋ ውስጥ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ ነበር። ሞተሩ ቀዝቅዞባት ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 12

ጨዋታ ነው። ወረቀትና እርሳስ ነው።

ፌብሩዋሪ 13

የሞተችው ወረቀት ነች። ሎርናም ይህንኑ ትል ነበር፣ ብነግራት። አልነገርኳትም።

ፌብሩዋሪ 15

የጠረጴዛችን ሕግ፦ የተሳሳተ ፍርድ የሚነሣው በሚቀጥለው ማክሰኞ የመጀመሪያው ዳይስ ሳይወረወር ነው። ቨርሊን «ካለፈው ሳምንት የቀረ ነገር ያለው አለ?» ይላል። ከዚያ ካለፈ የሞተ ሞቷል።

«ገጹ ተጣብቆብኝ ነበር» ማለት እችላለሁ። ይህ ውሸት አይሆንም፣ ገጹ አንዳንድ ጊዜ ይጣበቃል።

ፌብሩዋሪ 18

ቨርሊን ጠየቀ። ትሩዲ አዲስ ጀግና ለመፍጠር ባዶ ወረቀት ፊቷ ዘርግታለች። ልናገር ነበር። ትንፋሼን ስቤአለሁ።

ፔንግ ቀደመኝ።

«እኔ አለኝ» አለ። «ባለፈው ሚስተር ኦስትቢን አጣደፍኳቸው። ፊት ለፊታቸው እግሬን ሳወዛውዝ አንቀጹን ሳይጨርሱ አስቆምኳቸው። ከአሸዋው በኋላ ግንቡ የምድሪቱ አካል ይሆናል የሚል አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቨርሊን ወደ እኔ ዞረ። «አለ እንዴ?»

ገለጥኩ። «አለ» አልኩ። አንዲት ቃል ነች ያልኩት።

ትሩዲ ከተቀመጠችበት ተነሥታ የፔንግን አንገት አቀፈች። የታጠፈውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ አስተካከለችው፤ ዛሬም እዚያው ካፖርት ውስጥ ነበር። ሂልዳ ተነሣች፣ ግንቡ ቆመ፣ መንደሩ ዳነ። ማታውን ሙሉ ሲያመሰግኑት ነበር፤ ስላላጠፋው ጥፋት ስለተናዘዘ!

ልናገር ነበር እኮ። ትንፋሼን ስቤ ነበር።

ፌብሩዋሪ 20

የሎርናን የሳል ሽሮፕ ለመግዛት ሄድኩ። ሌላ ፋርማሲም አለ፣ ግን ፔንግ ወዳለበት ሄድኩ። ነጭ ጋውን ለብሶ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል።

«ከምግብ በኋላ አንድ ማንኪያ» አለኝ።

«አንቀጹን ታውቀው ነበር» አልኩት።

«በቃሌ ነው የማውቀው። አስማተኛ የሚጫወት ሰው ሌላ ምን ያጠናል?»

«ታዲያ የዚያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

«አበቃ አሉ። ትሩዲ የመጀመሪያው ቀን ደረጃው ላይ አስጠንቅቃኛለች፤ ኩርቲስ አበቃ ካለ ወዲያ ማንም አይናገርም ብላ።»

«ማክሰኞ ዕለት ግን ዋሸህልኝ።»

ጠርሙሱን ከረጢት ውስጥ ከተተው። ደረሰኙን በደንብ አጠፈው። «ሂልዳ ትመለስ፣ እርስዎም ቦታዎን አይጡ ብዬ ነው። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማጣው ቦታ ገና የለኝም።»

አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ተናደድኩ። ሳቁን ወሰደ፣ ጥቅልሉን አመጣ፣ ዓሣውን አጠመደ፤ አሁን ደግሞ እኔ ማድረግ የነበረብኝን ቅንነት ቀድሞ አደረገው። ምን ተወልኝ?

ፌብሩዋሪ 25

ጨዋታ የለም። በረዶ። ትሩዲ ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ስትጠርግ አደረች። ጠዋት የእኛን መግቢያ ጠርጋልን አገኘሁት። ሎርና «ደግ ሰው ናት» አለች።

አውቃለሁ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሎርና ደነገጠች።

ማርች 4

ቨርሊን ዛሬ መከለያ ካርቶኖቹን አነሣ። እነዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምሥጢሩን ሁሉ የሸሸገባቸው፣ ጠርዛቸው በፕላስተር የተለጠፈ ካርቶኖች። ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ፊቴ አስቀመጣቸው።

«ብዙ አሰብኩ» አለ። «ተረት ማውራት ማንም ይማራል። ሰው ሁሉ የሚያምነው አንባቢ ግን አይገኝም። ለኩርቲስ ነው።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ፔንግ ነው። ከልቡ ነበር፤ ከልብ ያልሆነ ነገር ልፈልግበት ፊቱን በደንብ አየሁት፣ አጣሁ። ትሩዲ «እንኳን ደስ ያለህ! ግን አንተ ስትመራ ማን ያነብልናል? እኔ የሌላ ሰው ንባብ አላምንም» አለች።

ያች የመጨረሻዋ ቃሏ ነች የገደለችኝ። ዝም ብትል ኖሮ ካርቶኑን ይዤ ቤቴ እሄድ ነበር።

«ፔንግ አላጣደፈኝም» አልኩ።

«ምን?» አለ ቨርሊን።

«የዚያን ቀን ማንም አላጣደፈኝም። ዓረፍተ ነገሩን አይቼዋለሁ። ሆን ብዬ ነው ያቆምኩት።»

«ለምን?» አለ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ አንድ ቃል ነው፤ በአምሳ አምስት ዓመት ሰው አፍ ያስጠላል። «ቀንቼ» አልኩ።

ቨርሊን ተቀመጠ። ወደ ትሩዲ ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ስትጮህ እጠብቅ ነበር፤ ትሩዲ መጮህ ትችልበታለች። እሷ ግን ጠረጴዛውን እያየች፣ «እኔ እኮ ትዝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ድልድዩ የተሠራ ቀን አንብበኸው ነበር። ስታቆም፣ ኧረ አለ ልል አልኩና፣ ኩርቲስ አበቃ ካለማ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። ቤቴ ገብቼ እንኳ መጽሐፉን አልገለጥኩም። የተጠራጠርኩት ራሴን ነው።»

ካርቶኑን ገፋ አድርጌ ፔንግ ፊት አደረግኩት። ቨርሊን አልከለከለኝም። እንዲከለክለኝ ግን ጠብቄ ነበር፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፍ?

ማርች 5

ሎርናን ነገርኳት። «ቢያንስ ተናገርክ» አለች። «ቢያንስ» የምትለው ቃል ቀኑን ሙሉ አብራኝ ዋለች።

ማርች 30

ቨርሊን ቅዳሜ ሄደ። ዕቃውን ስንጭን እጄን ይዞ ትንሽ ቆየና፣ «ማክሰኞ አትቅር» አለኝ።

ኤፕሪል 1

አልቀረሁም።

አሁን የምንጫወተው በፔንግ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቱ ጥቅልሉን ራሷ ታቀርባለች። አይብና ቋሊማዬን አዲስ ሳህን ላይ ገልብጣ መሃል አስቀመጠችው፤ እሷ ራሷ ሁለት ቁራጭ በላች። ፔንግ ጥሩ ይመራል። ከቨርሊን ይሻላል ብዬ አልጽፍም። በር ጠባቂውን ሲሆን ድምፁን እንደ አሮጊት ሲያቀጥነው ሳቅ አመለጠኝ፣ ቶሎ ያዝኩት።

የወንዙ መሻገሪያ ላይ ጠላት በበረዶ ግንብ ዘጋን። ትሩዲ ሂልዳ በመዶሻዋ ስትሰብረው ቀዝቃዛው አየር ይጎዳታል ወይስ አይጎዳትም የሚል ክርክር ተነሣ። ፔንግ መጽሐፌን ወደ እኔ ገፋው። ሌሎች መጻሕፍት ሁሉ እንደ ድሮው ተዘግተዋል።

«ኩርቲስ» አለ፣ ያለ ሚስተር። «አንብብ።»

ከላይ ጀመርኩ። የበረዶውን ውፍረት፣ ስንት ምት እንደሚችል፣ ሲሰበር በቦታው የሚቀረውን ቅዝቃዜ። ቃል አልዘለልኩም። መሃል ላይ ሳልፈልግ ቀና አልኩ።

ትሩዲ እያየችኝ አልነበረም። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አንቀጹን ቤቷ አጥንታ መጥታለች፤ እያንዳንዱን ቃል ከእኔ እኩል፣ ያለ ድምፅ እየተከተለችኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «አበቃ» አልኩ።

ትሩዲ ዓይኗን ገለጠች። አንድ አፍታ ቆየችና «አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ነው ፔንግ ዳይሱን ያነሣው።